ከሶላሩ በፊት ጉዳታችሁን ንገሩኝ

በዚህ ሰሞን ከላካችሁልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አነስተኛ ታዳሽ ኃይል ናቸው። ሶላር፣ በትንንሽ ወንዞች ላይ የሚተከል ተርባይን፣ ባዮጋዝ፣ አንዳንዱም ንፋስ። አብዛኛው ሰው «የቱን ብንገዛ ይሻላል?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ድርቁ ወይም ጎርፉ ወይም ሙቀቱ ሲመጣ ቀድሞ የሚጎዳባችሁ ምንድን ነው? ውኃ ነው? ሰብል ነው? የጤና ጣቢያው ክትባት ነው? ይሄ ከታወቀ መሣሪያ መምረጡ ብዙም አይከብድም። ካልታወቀ ግን ጥሩ ዕቃ ገዝቶ፣ ጣሪያ ላይ ሰቅሎ፣ ችግሩ ደግሞ እዚያው እንደነበረ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የዓለምን አየር ያበላሸነው እኛ ድሆቹ አይደለንም። ታዲያ «ንፁህ ኃይል ተጠቀሙ» እየተባልን የምንነገረው ለምንድን ነው? የሌላውን ዕዳ እኛ ልንከፍል ነው እንዴ?

መልስ፦ ዕዳው የእናንተ አይደለም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። መላው የአፍሪካ አህጉር በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ግን እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል። አንዱ ልቀትን መቀነስ ነው። ሌላው የመጣውን ለውጥ ተቋቁሞ መኖር ነው፤ መላመድ የሚባለው። አንድ የሶላር ፓምፕ ሁለቱንም ሊሠራ ይችላል። የናፍጣውን ጭስ ያስቀራል፤ ዝናቡ ሦስት ሳምንት ሲዘገይ ደግሞ ቡቃያውን ከመድረቅ ያድናል። እናንተን የሚመለከታችሁ ሁለተኛው ነው። ጭሱ መቅረቱ ምርቃት ነው።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም መብራት መላመድ አይደለም። ቤት ውስጥ አምፖል መብራቱ ደስ ይላል፣ ልጆች ያጠናሉ፣ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን በሚቀጥለው ድርቅ ላሟን አያድናትም። ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ትንሽ ሶላር ግን የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ በሚሰጥበት አካባቢ ሕይወት ያድናል። ልዩነቱ ያለው ኃይሉ በሚውልበት ነገር ላይ ነው።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ካንኩን በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ አገሮች ብሔራዊ የመላመድ ዕቅድ የሚያወጡበት መንገድ ተከፈተ፤ አረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ እንዲቋቋምም እዚያው ተወሰነ። ፈንዱ ገንዘቡን ልቀት ለመቀነስና ለመላመድ እኩል ለእኩል ለማካፈል አቅዷል። ማኅበራችሁ ድጋፍ ለመጠየቅ ወረቀት የሚያዘጋጅ ከሆነ ስለ ካርቦን ቶን ብዙ አትድከሙ። ባለፈው ድርቅ ስንት ማሳ እንደደረቀ፣ ውኃው ቢኖር ኖሮ ስንቱ ይተርፍ እንደነበር ጻፉ። እሱን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጥያቄ፦ የጋራ ጉድጓድ አለን፤ ውኃው 30 ሜትር ወደ ታች ነው። ለአትክልት በቀን 10,000 ሊትር እንፈልጋለን። አሁን በናፍጣ ነው የምንስበው፣ ወጪው ገደለን። አንዱ ነጋዴ 300 ዋት ሶላር ይበቃችኋል ይላል። ሌላው ከ2,000 ዋት በታች አይሆንም ይላል። ማንን እንመን?

መልስ፦ ማንንም ሳታምኑ እናስላው። 10,000 ሊትር ማለት 10 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት 2.7 ዋት ሰዓት (አንድ ዋት ሰዓት ማለት አንድ ዋት ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚወስደው ኃይል ነው) ገደማ ይፈልጋል። ይሄ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ የፓምፑ ስም አይቀይረውም። 2.7ን በ10 ከዚያ በ30 ብታባዙት 810 ዋት ሰዓት ይመጣል። ፓምፑና ሞተሩ ግን ከሚወስዱት ኃይል ውኃው ላይ የሚያውሉት ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው፤ 40 በመቶ ብለን እንያዝ። ስለዚህ ፓኔሉ በቀን 2,000 ዋት ሰዓት ማምጣት አለበት። ቦታችሁ በቀን የ5 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ካገኘ 400 ዋት ፓኔል ማለት ነው። አቧራው፣ ደመናውና ሙቀቱ የሚበሉት አለ፤ ከ550 እስከ 600 ዋት ብትይዙ አትሳሳቱም። አንዱ አሳንሶባችኋል፣ ሌላው ከሦስት እጥፍ በላይ ሊሸጥላችሁ ነው።

ሙቀቱ ይበላል ስል ብዙ ሰው ይገርመዋል። ፓኔል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይወድም። ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በጠራራ ፀሐይ ደግሞ የፓኔሉ ገላ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ አጣብቃችሁ አትሰሩት። ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ክፍተት ተዉለት።

አሁን ዋናውን ልጠይቃችሁ። 30 ሜትር ያላችሁት በየትኛው ወር ነው? ሂሳቡ የሚሠራው ፓምፑ እየሳበ እያለ ውኃው ከሚገኝበት ደረጃ እስከ ታንከሩ አፍ ድረስ ነው። ድርቅ ሲመጣ ደረጃው ይወርዳል፣ በሚሳብበት ጊዜም ይወርዳል፣ ታንከሩ 4 ሜትር ማማ ላይ ከሆነ ያም ይደመራል። ስለዚህ ልኩን በጣም ደረቅ በሆነው ወር ውሰዱ፤ ፓምፑ የሚያስፈልጋችሁ ያኔ ነዋ። ባትሪ ግን አያስፈልጋችሁም። ታንከሩ ከፍ ብሎ ከተቀመጠና የሁለት ቀን ውኃ ከያዘ ባትሪያችሁ እሱ ነው፤ ደግሞ በየሦስት ዓመቱ አይቀየርም።

እዚህ ጋ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፣ በግልጽ ልናገረው። ናፍጣ ውድ ስለሆነ ሰው ሞተሩን ቶሎ ያጠፋል። ፀሐይ ግን አትከፈልም። ፓምፑ ጠዋት ይነሳል፣ ማታ ይተኛል፣ ማንም የሚያጠፋበት ምክንያት የለውም። እንዲህ እያለ ድርቅን ለመቋቋም የመጣው መሣሪያ ራሱ የከርሰ ምድር ውኃውን ሊያደርቅ ይችላል። ሕንድ ውስጥ ይህ ትልቅ ስጋት ሆኖ ብዙ ተብሎበታል። ጉጃራት ግዛት ዱንዲ በምትባል መንደር አርሶ አደሮች የሶላር መስኖ ማኅበር አቋቁመው እ.ኤ.አ. በ2016 ትርፍ ኃይላቸውን ለመብራት መስመሩ መሸጥ ጀመሩ፤ ዓለም አቀፉ የውኃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ነበር ያገዛቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ፀሐዩ ሌላ ገዢ ካገኘ ውኃውን ያለ ልክ መሳብ አያዋጣም። የመብራት መስመር በሌለበት ደግሞ ከመስኖ የተረፈውን ኃይል ለወፍጮ ወይም ለቻርጅ ማዋል ይቻላል።

እናንተ ከፓምፑ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። ጉድጓዱ በሰዓት ምን ያህል ውኃ እንደሚተካ አስለኩ፤ ፓምፑ ከዚያ በታች ይሁን። ከዚያ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት፣ በየሜትሩ ቋጠሮ ያለው ገመድ አዘጋጁና በየወሩ ውኃው ስንተኛው ቋጠሮ ላይ እንዳለ ደብተር ላይ ጻፉ። ደረጃው ከዓመት ዓመት እየወረደ ከሄደ የሚዘራው ይቀነሳል ወይም ወደ ጠብታ መስኖ ይገባል። ይህን ዛሬ፣ ሳትጣሉ፣ ተስማሙበት። ውኃው ሲያልቅ ስብሰባ መጥራት ለጠብ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። የክትባት ፍሪጃችን በሶላር ነው የሚሠራው፣ ግን ባትሪዎቹ ሞቱና ቆመ። ሙቀቱ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየባሰ ነው። ባትሪ መግዛት ነው ወይስ ሌላ መላ አለ?

መልስ፦ ሌላ መላ አለ፣ እሱንም ቢጠይቁ ነው የምመክረው። ያለ ባትሪ በቀጥታ ከፓኔሉ የሚሠራ የክትባት ፍሪጅ አለ። ቀን ቀን ፀሐይ ሲኖር በግድግዳው ውስጥ ያለውን ውኃ ወይም ተመሳሳይ ነገር በረዶ ያደርጋል፤ ማታና ደመና ሲሆን ያ በረዶ ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን ፍሪጆች መርምሮ የሚያጸድቅበት ዝርዝር አለው። እዚያ ለመግባት ፀሐይ ባይኖር እንኳ ቢያንስ ለሦስት ቀን ልኩን መጠበቅ አለባቸው። የሚገዛላችሁ አካል ከዚያ ዝርዝር ውጭ እንዳይወጣ አጥብቀው ይያዙ። ተራ የቤት ፍሪጅ በኢንቨርተር (የሶላሩን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት በሚቀይር መሣሪያ) አድርጎ ማስገባት እንዲያው ለይምሰል ነው።

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ ይሄን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ሙቀት ብቻ ሳይሆን በረዶም ክትባት እንደሚገድል ነው። የሄፓታይተስ ቢና የአምስቱ በአንድ ክትባቶች አንዴ በረዶ ከሆኑ አበቃላቸው፣ ቢቀልጡም አይመለሱም። ስለዚህ ያረጀ ፍሪጅን «ሙቀት ስለጨመረ» ብሎ ቁልፉን ወደ ከፍተኛ ቅዝቃዜ ማዞር አደገኛ ነው። ይልቅ ፍሪጁን ጥላ ወዳለውና አየር ወደሚገባበት ክፍል ያዛውሩት፣ ከግድግዳውም ትንሽ ይራቅ። ከፍሪጁ ፓኔል ላይ ደግሞ የማንም ስልክ፣ የኃላፊም ቢሆን፣ አይሰካ። ትርፍ ኃይል ለሌላ ሥራ የሚሰጡ ሞዴሎች አሉ፤ የእርስዎ እንደዚያ ተደርጎ ካልተሠራ ግን አይንኩት።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ትንሽ ወንዝ አለች። ድሮ ዓመቱን ሙሉ ትፈስ ነበር፤ አሁን በደረቁ ወራት ትቀጥናለች፣ በዝናቡ ጊዜ ደግሞ ታብዳለች። ተርባይን ብንተክልባት ያዋጣል?

መልስ፦ ሊያዋጣ ይችላል፤ ግን ወንዟን በደረቁ ወር ለኩልኝ። ብዙ ሰው ዝናብ ወቅት ሄዶ ውኃውን አይቶ ነው የሚጓጓው። አለካኩ ቀላል ነው። ውኃውን በአፈርና በድንጋይ ገድባችሁ በአንድ ቱቦ ብቻ እንዲወጣ አድርጉና 20 ሊትር ባልዲ ከሥሩ ያዙ። ባልዲው በ2 ሴኮንድ ከሞላ በሴኮንድ 10 ሊትር አላችሁ። ከዚያ ውኃው ከሚጠለፍበት እስከ ተርባይኑ ድረስ ቁልቁለቱ ስንት ሜትር እንደሚወርድ ለኩ። 10 ሊትር በሴኮንድ 20 ሜትር ከወረደ፣ በቱቦውና በመሣሪያው የሚባክነው ተቀንሶ፣ 1 ኪሎ ዋት ገደማ ይሰጣል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን ሶላር ማታ ይተኛል፣ ይሄ ሌሊትም ይሠራል። በ24 ሰዓት 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ለብዙ ቤቶች አምፖልና ስልክ፣ በፈረቃ ደግሞ ለአንድ አነስተኛ ማሽን ይበቃል።

የኔፓል ተራራማ መንደሮች በዚህ የረጅም ጊዜ ልምድ አላቸው፤ ዋናው መስመር ያልደረሰባቸው ብዙ ሰፈሮች በእንዲህ ዓይነቱ ተርባይን ነው መብራት ያዩት። የዝናቡ መዛባት ግን ትንሹንም ትልቁንም ይነካል። ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ2024 በደረሰባት ድርቅ ኃይል የምታመነጭበት የካሪባ ሐይቅ ውኃ ወርዶ በአገሪቱ ረጅም የመብራት መቆራረጥ ሆነ። ስለዚህ ሁሉን በአንዲት ወንዝ ላይ አትጣሉ። ወንዟ የምትቀጥነው ሰማዩ ጥርት ባለበት ወቅት ነው፤ ያኔ ሶላር ይበረታል። ሁለቱን ማጣመር የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ጎርፉን በተመለከተ ከአዛውንቶቹ ጀምሩ። በዕድሜያቸው ያዩት ጎርፍ የት ድረስ እንደመጣ ይጠየቁ፣ ዛፍ ላይ ወይም ድንጋይ ላይ ምልክት ይደረግ፣ የተርባይኑ ቤት ከዚያ በላይ በደንብ ራቅ ብሎ ይሠራ፤ መጪው ጎርፍ ከእነሱ ዘመን ሊበልጥ ይችላልና። ውኃው የሚጠለፍበት ቦታ ግን መሸሽ አይችልም፣ ወንዙ ውስጥ ነው። እሱን በአካባቢ ድንጋይ በቀላሉ ሥሩት፤ ጎርፍ ቢወስደው በአንድ ቀን የጋራ ሥራ መልሳችሁ የምትተክሉት ዓይነት ይሁን።

ጥያቄ፦ ሁለት ላሞች አሉኝ። ባዮጋዝ ላሠራ? ባለቤቴ በማገዶ ጭስ ዓይኗ ተጎድቷል።

መልስ፦ ጭሱን አትናቁት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እንደሞቱ ይገምታል።

ሁለት ላሞች በረት ከዋሉ በቀን 20 ኪሎ ገደማ እበት ይሰጣሉ። ከዚያ የሚወጣው ጋዝ አንድ ምድጃ ለሁለት ሰዓት ገደማ ያነዳል። ለአነስተኛ ቤተሰብ ብዙውን ምግብ ያበስላል፣ ሁሉንም ግን አይሸፍንም። ለግጦሽ የሚወጡ ከሆነ ግን እበቱ ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ሂሳቡም ይፈርሳል። ደግሞ ለ20 ኪሎ እበት 20 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል፣ በየቀኑ። አሁን ይንገሩኝ፣ በደረቁ ወቅት ውኃ የሚቀዳው ከየት ነው? ባለቤትዎ ጭሱ ቀርቶላት ጀሪካን ሊጨመርባት ከሆነ አልረዳናትም። የከብቶቹ ሽንትና ልብስ የታጠበበት ሳሙና ያልበዛበት ውኃ በከፊል ይተካል። ድርቅ ሲመጣ ከብት የመሸጥ ልማድ ካለዎት ደግሞ የባዮጋዙ ጉድጓድ ባዶውን ይቀራል፤ እንዲያ ከሆነ ለጊዜው ጭስ የሚቀንስ የተሻሻለ ምድጃ ይሻላል። ውኃውም ከብቱም ካለ ግን ያሠሩት። ከጋዙ በኋላ የሚወጣው ዝቃጭ ግሩም ማዳበሪያ ነው፤ መሬቱ ላይ ሲገባ አፈሩ እርጥበት የመያዝ አቅሙ ይጨምራል፣ ዝናብ ሲቆራረጥ ልዩነቱን ሰብሉ ላይ ያዩታል።

ጥያቄ፦ የንፋስ ተርባይንስ? ሁሌ ሶላር ሶላር ነው የምትሉት።

መልስ፦ ንፋስ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ነው። በተቃራኒው ግማሽ ሲሆን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ «ንፋስ አለ» ማለት አይበቃም፤ ዓመቱን በሙሉ መለካት አለበት፣ ያውም ከዛፍና ከቤት ከፍ ብሎ። ባሕር ዳርቻ ላይ ወይም የተጋለጠ ከፍታ ላይ ከሆናችሁ ይሞከር። አለበለዚያ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ይበላሻልና ሶላር ይቅደም።

ጥያቄ፦ በከፈልኩበት ሶላር የሞባይል ጥገናና ፀጉር ቤት ከፍቼ ነበር። ባትሪው በዓመቱ ሞተ። ሸወዱኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምናልባት። ግን ሦስት ነገር ልጠይቅህ። ባትሪው የመኪና ነበር? የመኪና ባትሪ ለአፍታ ብዙ ኃይል ሰጥቶ ወዲያው እንዲሞላ ነው የተሠራው፤ ቀስ ብለህ እስከ ታች ስታወርደው በወራት ውስጥ ይሞታል። ለሶላር የተሠራ ነው? እሺ፣ ታዲያ በየቀኑ እስኪጠፋ ነበር የምትጠቀመው? የእርሳስና አሲድ ባትሪ ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሽ በታች ባይወርድ ነው የሚመረጠው። ሦስተኛ፣ የት ነበር የተቀመጠው? ቆርቆሮ ሥር፣ ሙቀት ውስጥ ከሆነ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። አገሩ እየሞቀ በሄደ ቁጥር ይሄ ነገር የብዙ ሰው ችግር ነው የሚሆነው።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ሲገዙት ውድ ነው፣ ግን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ይወርዳል። ዋጋውን በሚያገለግልህ ዓመት አካፍለህ አወዳድር፤ ብዙ ጊዜ እሱ ይረክሳል። ትንንሽ የሶላር መብራትና ኪት ስትገዛ ደግሞ ቬራሶል በተባለው የሶላር ዕቃዎች የጥራት ምርመራ ፕሮግራም ያለፈ መሆኑን ጠይቅ። የሞተውን ባትሪ ግን እንዳትከፍተው። እርሳሱ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ሰብሮ እርሳሱን ለሚያቀልጥ ሰው ሳይሆን ለሚሰበስብ ነጋዴ፣ እንዳለ፣ አስረክበው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ አውሎ ነፋስ ይመጣል። ፓኔሉን ይዞት አይሄድም?

መልስ፦ ካልታሰረ ይዞት ይሄዳል። ማስጠንቀቂያ ሲሰማ በቁልፍ ተፈትቶ ቤት የሚገባ አሠራር ይሻላል፤ ብሎኖቹ የማይዝጉ ይሁኑ፣ መፍቻውም ሁሌ አንድ ቦታ ይቀመጥ። ትልቁ መስመርም ቢሆን አይተማመኑበትም። ማላዊ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አና በተባለው አውሎ ነፋስ የካፒቺራ የውኃ ኃይል ማመንጫዋ ተጎድቶ ከአገሪቱ የማመንጨት አቅም ሲሶ ገደማው ወጣ። እንዲህ ባለው ቀን መጠለያው ውስጥ አንድ ሶላር፣ አንድ ሬዲዮና የስልክ ቻርጅ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ለመንደራችን የጋራ ሶላር ተተክሎልን ነበር። በሁለት ዓመቱ ቆመ፣ የሚጠግነውም ጠፋ። አሁን ሌላ ድርጅት ሊሠራልን ይፈልጋል። ምን እንበለው?

መልስ፦ ከመትከሉ በፊት ከእናንተ መካከል ሁለት ሰው ያሠልጥን በሉት። ሕንድ ውስጥ ቤርፉት ኮሌጅ ብዙም ትምህርት ያልገፉ የገጠር እናቶችን፣ አያቶችንም ጭምር፣ ከብዙ አገሮች እያመጣ የሶላር ጥገና ሲያስተምር ኖሯል። እናቶቹን የሚመርጠው ወጣቱ ሙያ ሲይዝ ከተማ ስለሚገባ ነው። ምክንያቱን እኔ እቀበለዋለሁ፤ ከሠልጣኞቹ አንዷ ከመንደሩ የማትወጣ እናት ትሁን።

ባንግላዴሽንም ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2003 በጀመረችው ፕሮግራም ከ4 ሚሊዮን በላይ የቤት ሶላሮች ተተክለዋል፣ 20 ሚሊዮን ገደማ ሰው ብርሃን አይቷል። ዕቃው በነፃ አልታደለም፤ ሰዎች በየወሩ እየከፈሉ ነው የወሰዱት፣ ክፍያ ሊሰበስብ የሚመጣውም ሠራተኛ ብልሽቱን እግረ መንገዱን ያያል። በኋላ ግን ዋናው መስመር በፍጥነት ሲስፋፋ የሶላሩ ፍላጎት ወደቀ። ስለዚህ ድርጅቱን ይሄንንም ጠይቁት፦ ነገ መስመር ቢመጣ ይሄ ሶላር ከሱ ጋር መያያዝ ይችላል ወይ?

ከዚያ የባትሪውን ነገር ከርክክቡ በፊት ጨርሱ። መተኪያው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ያንን ባትሪው በሚያገለግልባቸው ወራት አካፍሉት፣ የመጣውን በቤቶቹ ቁጥር አካፍሉት፤ የእያንዳንዱ ቤት ወርኃዊ መዋጮ እሱ ነው። አቅም የሌለው ቤት ካለ ማን እንደሚሸፍንለት ያኔውኑ ይወሰን። ገንዘብ ያዡና ጠጋኟ የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፣ ሂሳቡም በየወሩ ሁሉ በሚያይበት ቦታ ይለጠፍ። ድርጅቱ መለዋወጫ ከየት እንደሚገዛ አልነግርም ካለ አትፈርሙ።